«መመሪያ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

«የመረጃ ደኅንነት ፖሊሲ» የሚል ሽፋን ያለውን ሰነድ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት አራት ሰነድ ነው። መግቢያው ላይ አመራሩ ለመረጃ ደኅንነት የሰጠው ትኩረት ይነበባል። ጥቂት ገጾች አልፎ የይለፍ ቃል ስንት ፊደል ይሁን የሚል ቁጥር አለ። ወረድ ሲል ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ለማስጀመር የትኛው ሜኑ ውስጥ ተገብቶ ምን እንደሚመረጥ ተጽፏል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሠራተኞች በሕዝብ ዋይፋይ ሲጠቀሙ ጥንቃቄ ቢያደርጉ ጥሩ እንደሆነ ይመከራል። አንድ ሽፋን፣ አንድ ፊርማ፣ ስድሳ ገጽ።

ሰነዱ ሲጻፍ ችግሩ አይታይም። የሚታየው አንዲት ቁጥር መለወጥ ያስፈለገ ዕለት ነው። ቁጥሯ ያለችው ቦርዱ ባጸደቀው ሰነድ ውስጥ ስለሆነ ቦርዱ እስኪሰበሰብ ትቆያለች። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ግን እስከዚያ መጠበቅ አይሆንለትም፤ ሰነዱን ወደ ጎን ብሎ ትክክል ያለውን ይሠራል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሰነዱን የሚያነብ አይኖርም፤ ኦዲተር በመጣ ቁጥር ከመሳቢያ የሚወጣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ፖሊሲን፣ ስታንዳርድን፣ ፕሮሲጀርንና ጋይድላይንን መለየት ለእኔ የትርጉም ጉዳይ አይደለም። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ይህን ለመለወጥ የማን ፊርማ ያስፈልጋል? በየስንት ጊዜው ይለወጣል? ሳይከበር ቢቀርስ ምን ይከተላል? መልሳቸው የተለያየ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ሰነድ ውስጥ ሲታጨቁ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርብናል። «መመሪያ» የሚለው ቃል እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ ይሠራል። በሕግ ቋንቋ መመሪያ ያስገድዳል፤ ከአዋጅና ከደንብ ሥር የሚወጣ ነው፣ ምክር አይደለም። ጋይድላይንን ስንተረጉምም «መመሪያ» እንላለን፤ ጋይድላይን ግን ምክር ነው፣ አያስገድድም። የዕቃ አጠቃቀም ወረቀትም መመሪያ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ለፕሮሲጀር ይቀርባል። «የላፕቶፕ አጠቃቀም መመሪያ» የሚል ርዕስ ያየ ሠራተኛ ይህን መጣስ ያስቀጣኝ ይሆን ብሎ ቢጠይቅ ርዕሱ አይመልስለትም። «ደረጃ»ም እንዲሁ ነው፦ ስታንዳርድ ለማለት ስንጽፈው አንባቢው የሥራ ደረጃ ወይም እርከን ይመስለዋል። የእኔ ምርጫ ፖሊሲና ስታንዳርድን እንዳሉ መተው፣ ፕሮሲጀርን «የአሠራር ቅደም ተከተል»፣ ጋይድላይንን ደግሞ «የምክር ሰነድ» ማለት ነው። ሌላ ስያሜ የመረጠም ይምረጥ፤ ብቻ «መመሪያ»ን ለሁለት ሥራ አያውለው።

ፖሊሲ፦ ቁጥር የማይበዛበት ሰነድ

ፖሊሲ የአመራሩ ውሳኔ ነው። ምን እንደሚጠበቅ፣ ለምን እንደሚጠበቅ፣ ማን ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ እንዴት የሚለው ውስጥ አይገባም። «የድርጅቱን መረጃ ማግኘት የሚችለው ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው፤ ፈቃዱም ሥራው ሲያበቃ ያበቃል» የሚለው የፖሊሲ ዓረፍተ ነገር ነው። አሥር ዓመት ቢቆይም አያረጅም። የሚፈርመው ዋና ሥራ አስፈጻሚው ወይም ቦርዱ ነው፤ የአይቲ ክፍል ኃላፊ ብቻውን የፈረመው ፖሊሲ የፋይናንስ ክፍሉን አያዝዝም።

አይሶ 27001 (ዓለም አቀፉ የመረጃ ደኅንነት አስተዳደር ስታንዳርድ) በአንቀጽ 5.2 ከፖሊሲ የሚጠይቀው ብዙዎች እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። ከድርጅቱ ዓላማ ጋር ይስማማ፣ የደኅንነት ግቦችን ወይም ግቦች የሚወጡበትን ማዕቀፍ ይያዝ፣ የሚመለከቱትን ግዴታዎች ለማሟላትና ሥርዓቱን ያለማቋረጥ ለማሻሻል ቃል ይግባ ነው የሚለው። በጽሑፍ መኖር፣ ለሠራተኞች መድረስ፣ ለሚመለከታቸው የውጭ ወገኖችም እንደ አስፈላጊነቱ መቅረብ አለበት። ይህ ሁሉ በሁለት ገጽ ያልቃል። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ እትም አባሪ ላይ ካሉት 93 መቆጣጠሪያዎች (የደኅንነት እርምጃዎች) የመጀመሪያው፣ 5.1፣ ከዋናው ፖሊሲ ሥር በየርዕሱ የተለዩ ፖሊሲዎች እንዲኖሩ ይፈልጋል፤ አንዱ ስለ መዳረሻ ፈቃድ፣ ሌላው ስለ ባክአፕ፣ ሌላው ስለ አቅራቢዎች። እነዚህ ከዋናው ትንሽ ይዘረዝራሉ፤ ግን ፖሊሲነታቸውን አይለቁም።

ቀላል መፈተኛ አለ። ነገ የፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) አቅራቢያችሁን ብትለውጡ ይህ ዓረፍተ ነገር መለወጥ ይኖርበታል? መልሱ አዎ ከሆነ ቦታው ፖሊሲ ውስጥ አይደለም። የዕቃ ስም፣ የቨርዥን ቁጥር፣ የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥር ሁሉም እዚህ ይወድቃሉ።

ከፖሊሲ ተረስታ የምትቀር አንዲት አንቀጽ አለች፦ ልዩ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የማን ነው? ይህ ካልተጻፈ ፈቃድ የሚሰጠው ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ይሆናል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ስታንዳርድ፦ በቁጥር የሚለካው

ስታንዳርድ እንደ ፖሊሲው ያስገድዳል፤ ልዩነቱ የሚለካ መሆኑ ነው። «ጠንካራ ኢንክሪፕሽን (ምስጠራ) ጥቅም ላይ ይውላል» ስታንዳርድ አይደለም፤ ሁለት ባለሙያ ሁለት መልስ ይሰጥበታል። «ከውጭ የሚደረስበት ማንኛውም ድረ ገጽ ቲኤልኤስ 1.2 ወይም ከዚያ በላይ ብቻ ይቀበላል» ስታንዳርድ ነው (ቲኤልኤስ በድረ ገጹና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚመሰጥር ዘዴ ነው)፤ ስካነር ያስነሣ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ተከብሯል ወይም አልተከበረም ይላል። ቲኤልኤስ 1.0ና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 በአርኤፍሲ 8996 (የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ) በይፋ ከአገልግሎት ወጥተዋል። በዚያን ጊዜ የቨርዥን ቁጥሩን ስታንዳርድ ውስጥ የያዘ ድርጅት የሚያስፈልገው የአንድ ኃላፊ ፊርማ ነበር፤ ፖሊሲ ውስጥ የጻፈው ቦርድ መጥራት ነበረበት።

ስታንዳርድ ከፖሊሲ ለምን እንደሚለይ የይለፍ ቃልን ያህል የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት ያወጣው ሰነድ አቢይና ንዑስ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የማደባለቅን ልማድ አስፋፋ፤ በየጊዜው የመቀየሩ ልማድም አብሮ ሥር ሰደደ። በ2017 ራሱ ኒስት 800-63ቢ በሚባለው ሰነዱ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንደማይገባ፣ የፊደል ድብልቅ ማስገደዱም እንደማይጠቅም ጻፈ፤ ሰዎች ሲገደዱ መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ብቻ እየጨመሩ ይቀጥላሉና። በ2025ቱ አራተኛ እትም ነገሩ ከምክር ወደ ክልከላ ከፍ አለ፤ የይለፍ ቃሉ ብቻውን ማረጋገጫ የሚሆን ከሆነም ቢያንስ 15 ፊደል ይሁን ተባለ። በዚህ ሁሉ መሐል «ተጠቃሚዎች ማንነታቸው ሊታመን በሚችል መንገድ ይረጋገጣል» የምትለው የፖሊሲ ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል አልተነካችም። የተለወጠው ከሥሯ ያለው ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የካርድ ክፍያ ስታንዳርዱ ፒሲአይ ዲኤስኤስ ነው። አራተኛው ቨርዥን ቢያንስ 12 ፊደል ይላል፤ ሲስተሙ 12 የማይቀበል ከሆነ ብቻ 8 ይፈቅዳል። የይለፍ ቃል ብቸኛ ማረጋገጫ ከሆነ ደግሞ ወይ በ90 ቀን ይቀየር፣ ወይ የአካውንቱ ሁኔታ በቅጽበት እየተመዘነ መዳረሻው ይወሰን ይላል። የካርድ መረጃ የሚይዝ ድርጅት አንዱን ስታንዳርድ ለሁሉም ሲስተም ከዘረጋ ወይ ከፒሲአይ ይጋጫል፣ ወይ ሠራተኛውን ሁሉ ያለ ጥቅም በየሦስት ወሩ ያስቀይራል። መፍትሔው የውስጥ ስታንዳርዱን በሲስተም ዓይነት መክፈል ነው፦ የካርድ መረጃ ያለበት በአንድ ሰንጠረዥ፣ ሌላው በሌላ። ከሁሉ የሚሻለው ለካርዱ ክፍል ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ፣ ለምሳሌ በስልክ የሚመጣ ኮድ) መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ የ90 ቀኑ ግዴታ ራሱ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ የስም ውዥንብር ላጥራ። አይሶ 27001ም፣ ፒሲአይም «ስታንዳርድ» ይባላሉ፤ ግን እነሱ የድርጅታችሁ ስታንዳርድ አይደሉም። ከውጭ የመጡ ግዴታዎች ናቸው። የእናንተ ስታንዳርድ ከእነሱ የሚፈለገውን መርጦ በእናንተ ሲስተሞች ላይ ቁጥር የሚያስቀምጠው ሰነድ ነው። «አይሶ 27001ን እንከተላለን» ብሎ የጻፈ ድርጅት ገና ስታንዳርድ አልጻፈም።

ቤዝላይን የሚባለው የስታንዳርድ ልጅ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ሲስተም የሚሆን ዝቅተኛ ቅንብር። ከባዶ ከመጻፍ የሲአይኤስ ቤንችማርክን (ሲአይኤስ የተባለው ድርጅት የሚያወጣውን የደኅንነት ቅንብር ዝርዝር) መውሰድ ይቀላል። ለየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተዘጋጀ ነው፤ አንደኛው ደረጃ ሥራ ሳያስተጓጉል ሊተገበር የሚችል፣ ሁለተኛው ጠበቅ ያለ። «የሊኑክስ ሰርቨሮች ሁሉ አንደኛውን ደረጃ ያሟላሉ፤ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት መስመሮች በቀር» ብሎ ልዩነቱን ብቻ መዘርዘር ሦስት መቶ ገጽ ከመገልበጥ ያድናል።

ፕሮሲጀር፦ ማን? መቼ? በምን ቅደም ተከተል?

ፕሮሲጀር ላይ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ያሳስተናል። «አካውንቱ ይዘጋል»፣ «ለሚመለከተው ክፍል እንዲያውቀው ይደረጋል»፣ «ተገቢው ክትትል ይካሄዳል»። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ጆሮም ይቀበለዋል፤ አድራጊው ግን የለም። ማን ይዘጋል? «የሚመለከተው» የትኛው ነው? ፖሊሲ ውስጥ ይህ አጻጻፍ ሊታለፍ ይችላል፤ ፕሮሲጀር ውስጥ ግን ሥራው ሳይሠራ የሚቀርበት ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ መስመር በሥራ መደብ ስም ይጀምር፣ ግሱም አድራጊ ግስ ይሁን።

የለቀቀ ሠራተኛን አካውንት መዝጋት እንውሰድ። ፖሊሲው ፈቃድ ከሥራው ጋር ያበቃል ይላል። ስታንዳርዱ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ በፈቃዱ ለለቀቀ በመጨረሻው የሥራ ቀን ማብቂያ፣ ለተሰናበተ ደግሞ ውሳኔው በሚነገርበት ሰዓት። ፕሮሲጀሩ እንዲህ ሊወርድ ይችላል፦

1. የሰው ሀብት ኦፊሰሩ ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ ከአንድ የሥራ ቀን በፊት ቲኬት ይከፍታል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። ስንብት ከሆነ ቲኬቱ ለሁለት ሰው ብቻ የሚታይ ይሆናል።
2. ሲስተም አድሚኑ በተባለው ሰዓት ዋናውን አካውንት ያግዳል፤ አይሰርዝም።
3. ሲስተም አድሚኑ ከእገዳው በኋላ ክፍት የቀሩትን ሴሽኖች (ገና ያልተዘጉ መግቢያዎች) እና ቶከኖች (የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚያስገቡ ዲጂታል ማለፊያዎች) በሙሉ ይሰርዛል።
4. ሲስተም አድሚኑ የሁለተኛ ማረጋገጫ መሣሪያዎቹን ከአካውንቱ ያወጣል፣ የቪፒኤን (ከውጭ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚያስገባ መስመር) ሰርተፍኬቱን ይሽራል።
5. ሲስተም አድሚኑ ከዋናው መግቢያ ጋር ያልተሳሰሩ አገልግሎቶችን ከዝርዝሩ እያየ አንድ በአንድ ይዘጋል።
6. ሲስተም አድሚኑ የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ መኖሩን ያጣራል፤ ካለ ያጠፋል፣ ለደኅንነት ኦፊሰሩም ያሳውቃል።
7. የቡድኑ መሪ ሰውየው ያውቃቸው የነበሩ የጋራ የይለፍ ቃሎችንና የኤፒአይ ቁልፎችን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙባቸውን ምስጢራዊ ኮዶች) ያስቀይራል።
8. ሲስተም አድሚኑ እያንዳንዱ የተፈጸመበትን ሰዓት ቲኬቱ ላይ መዝግቦ ይዘጋዋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢቀድም ሰውየው ሴሽኑ እንደተቋረጠበት ወዲያው መልሶ ይገባል። ሁለተኛው ላይ ቢቆም ደግሞ አካውንቱ የታገደ ይመስላል፤ ስልኩ ላይ ያለው ኢሜይል ግን ቶከኑ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ይሠራል። መሰረዝ የተከለከለበትም ምክንያት አለው፦ በዚያ ሰው ስም የተከፈቱ ፋይሎችና በራሳቸው የሚሄዱ ሥራዎች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ በኋላ ምርመራ ቢነሣም ማስረጃ አይገኝም። የሌሊት ባክአፑ በለቀቀ ሰው አካውንት ሲሄድ ኖሮ ከእገዳው በኋላ መቆሙ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ባክአፑ በተፈለገበት ቀን ነው። አምስተኛውና ሰባተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የሚዘለሉ ናቸው፤ ዝርዝሩ ስለሌለ። ዝርዝሩን ማን ወቅታዊ እንደሚያደርገው ያልተናገረ ፕሮሲጀር በስድስት ወር ያረጃል።

ፕሮሲጀርን የጻፈው ሰው ሳይሆን ያልጻፈው ሰው ይፈትነው። ሰነዱን ለአዲስ ባልደረባ ስጡና ዝም ብላችሁ አጠገቡ ቁሙ። የሚጠይቃችሁ እያንዳንዱ ጥያቄ የጎደለ መስመር ነው። የስክሪን ሥዕል ማብዛት ግን አልመክርም፤ ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ሥዕሉ ይዋሻል። «ካልተሳካስ?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል፦ ስንት ደቂቃ ተሞክሮ ለማን ይደወላል?

ፊርማው እዚህ ዝቅ ይላል፤ ሥራውን የሚመራው ኃላፊ ይበቃል። ፕሮሲጀር በወር ሁለት ጊዜ ቢታረም ማንም ሊደነግጥ አይገባም።

ጋይድላይን

ስለ ምክር ሰነድ የሚባለው ጥቂት ነው። አያስገድድም፤ ቁጥር ለማስቀመጥ ሁኔታው በጣም በሚለያይበት ቦታ ይጠቅማል። ከቤት ሲሠራ ስክሪን ወዴት ይዙር፣ ረጅም የይለፍ ሐረግ እንዴት ይፈጠር፣ አጠራጣሪ ኢሜይል በምን ይለያል። ሠራተኛ ምክሩን አልተከተለም ተብሎ ከተቀጣ ሰነዱ ከመጀመሪያውም ስታንዳርድ ነበር፤ ስሙ ነው የተሳሳተው። በተቃራኒው ስታንዳርድ ማጽደቅ የከበደው ክፍል ግዴታውን «ጋይድላይን» ብሎ ያወጣዋል፤ በዚህም ፊርማውን ያመልጣል፣ ግን አንድ ሰው እምቢ ያለ ቀን የሚይዘው የለውም።

አይሶ ራሱ ይህን ልዩነት በግስ ይለያል። 27001 በአስገዳጅ ግስ፣ ተጓዳኙ 27002 በምክር ግስ የተጻፉ ናቸው፤ ሰርተፍኬት የሚሰጠውም በመጀመሪያው ነው። የኢንተርኔት ስታንዳርዶችም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2119 አስገዳጅ፣ የሚመከርና የሚፈቀድ ቃላትን ትርጉም ወስነዋል። እኛም የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ሦስት መስመር ያስፈልገናል። «አለበት» ግዴታ ነው፣ «ይመከራል» ምክር ነው፣ «ይፈቀዳል» ምርጫ ነው። «ይገባል» የሚለውን ከሰነዶቹ ሁሉ አውጡት፤ አንዱ ግዴታ፣ ሌላው ጨዋ ምክር አድርጎ ያነበዋል። «አይችልም»ም አደገኛ ነው። «ሠራተኛው ፋይል ወደ ፍላሽ መገልበጥ አይችልም» ሲባል ሲስተሙ ያግደዋል ማለት ነው ወይስ ክልክል ነው? ሁለቱ የተለያየ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ኦዲተርም የተለያየ ማስረጃ ይጠይቃል። ክልከላ ከሆነ «አይፈቀድም» በሉ።

ልዩ ፈቃድ

ስታንዳርድ በቁጥር ከተጻፈ የማያሟላው ሲስተም መኖሩ አይቀርም። ከ8 ፊደል በላይ የማይቀበል አሮጌ ማሽን አለ እንበል። ማሽኑን ዛሬ መጣል አይቻልም፤ ለእሱ ሲባል ስታንዳርዱን ለሁሉም ወደ 8 ማውረድም ትልቅ ስሕተት ነው። ልዩ ፈቃዱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የትኛው ስታንዳርድ የትኛው መስመር፣ የትኛው ሲስተም፣ ለምን፣ በምትኩ ምን መከላከያ ተደረገ (ለምሳሌ ማሽኑን በተለየ ኔትወርክ ማስቀመጥና የመግቢያ ሙከራ ቁጥር መገደብ)፣ አደጋውን ማን ተቀበለ፣ መቼ ያበቃል። አደጋውን የሚቀበለው በማሽኑ የሚጠቀመው የሥራ ክፍል ኃላፊ ነው እንጂ የአይቲ ባለሙያው አይደለም፤ ጉዳት ቢደርስ ሥራው የሚቆመው የእሱ ነው። ማብቂያ ቀን የሌለው ፈቃድ ፈቃድነቱ ቀርቶ ያልተጻፈ ስታንዳርድ ይሆናል። ከ12 ወር አይለፍ እላለሁ። ለአንድ መስመር አሥር ፈቃድ ከተጠየቀ ደግሞ ጥፋቱ ከጠያቂዎቹ ሳይሆን ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል ስታንዳርዱን ራሱን መርምሩት።

አንድ ቁጥር ሁለት ሰነድ ውስጥ አይኑር። ስታንዳርዱ 15 ፊደል ሲል ፕሮሲጀሩ ውስጥ የቀረ «12» ካለ፣ ሠራተኛው የሚቀለውን ይይዛል። ፕሮሲጀሩ ቁጥሩን አይድገም፤ የስታንዳርዱን መለያ ይጥቀስ። መለያውም ትስስሩን ያሳይ፦ ፖሊሲ ፖ-03፣ ከሥሩ ስታንዳርድ ስ-03-1፣ ከእሱ ሥር ፕሮሲጀር ፕ-03-1-2። ወላጅ የሌለው ፕሮሲጀር ከተገኘ ወይ የማያስፈልግ ሥራ ነው፣ ወይ ፖሊሲው የጎደለው አለ።

የማይሠራውን አለመጻፍም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «የሎግ መዝገቦች (ሲስተሙ ላይ የተደረገውን የሚመዘግቡ ፋይሎች) በየቀኑ ይመረመራሉ» ብሎ ጽፎ በየወሩ እንኳ የማያይ ድርጅት በኦዲት የሚወድቀው በራሱ ቃል ነው። ከሌላ ድርጅት የተገለበጠ ሰነድ እንዲህ ያሉ መስመሮች ይበዙበታል፤ አንዳንዴም የቀድሞው ባለቤት ስም ግርጌው ላይ ሳይነሣ ይቀራል።

አሥር ሰው ያለው ድርጅት አርባ ሰነድ አያስፈልገውም። ሦስት ገጽ ፖሊሲ፣ አንድ የስታንዳርድ ሰንጠረዥና አምስት ስድስት ፕሮሲጀር ይበቁታል፦ ሠራተኛ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ባክአፕ ሲመለስ፣ ሲስተም ሲታደስ፣ ላፕቶፕ ሲጠፋ፣ ጥቃት ሲጠረጠር።

ስድሳ ገጹ ሰነድ በእጁ ያለ ሰው ከባዶ አይጀምር። አትሞ አራት ቀለም ማድመቂያ ይያዝ፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቀለሙ ያስምር። ሁለት ቀለም የያዘውን ለሁለት ይክፈለው። መጀመሪያ ፕሮሲጀሮቹን ነቅሎ ያውጣ፤ ቶሎ የሚያረጁት እነሱ ናቸውና ሰነዱም ወዲያው ይቀላል። ከዚያ ቁጥሮቹን ወደ ሰንጠረዥ ያውርድ፣ ምክሮቹን ለብቻ ያስቀምጥ። የተረፈው ለአመራሩ ፊርማ ይቀርባል። የትኛውም ቀለም ያልተስማማቸው ዓረፍተ ነገሮች ይቀራሉ፤ «ደኅንነት የሁላችንም ኃላፊነት ነው» ዓይነቶቹ። እነሱን ሰርዞ ሰነዱ ምን እንደጎደለው ይመልከት።